በሎሚና በጨው የታጠቡት ሁለት ሳንቲሞች

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ካለች የገጠር ቀበሌ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሳዑዲ ሲመለስ የብረት መፈለጊያ ዲቴክተር ይዞ መጣ። ወርቅ ያገኛል ብለውት ነው የገዛው። ወርቅ አላገኘንም። ከማሳችን ጀርባ ግን ድሮ ገበያ የነበረ ሜዳ አለ። እዚያ በሦስት ቀን ውስጥ ሚስማር፣ የቀበቶ ዘለበት፣ አንድ የጥይት ቀለህ እና 12 ሳንቲሞች አወጣን። ሳንቲሞቹ መዳብ ይመስሉኛል። ሁሉም አረንጓዴ ለብሰዋል። አንዳንዱ ላይ አንበሳ፣ አንዳንዱ ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ይታያል። አንዷ በጣም ትንሽና ስስ ናት፤ መሐሏ ላይ ቢጫ ነጥብ አላት።

አክስቴ ‹በሎሚ፣ በጨውና በአመድ እሻቸው› አለችኝ። ሁለቱን አሸኋቸው። እንደ አዲስ ቀሉ። በሁለት ሳምንታቸው ግን ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት አወጡ። ደሴ ሄጄ ለሚገዛ ሰው ሳሳየው ‹የታጠበ አልፈልግም› ብሎ መለሰልኝ። ወንድሜ ኮካ ኮላ ውስጥ እንዘፍዝፋቸው ይላል። ጓደኛዬ የባትሪ አሲድ ይሻላል ይላል። የቀሩትን 10 በምን ልጠባቸው? የተበላሹትንስ ሁለቱን ምን ላድርጋቸው?»

መልስ፦

ወንድምዓለም፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለሳንቲሞቹ፣ አንዴ ለዚያ የጥይት ቀለህ። ስለ ቀለሁ ኋላ እመለስበታለሁ። እስከዚያ ግን ወንድምህ ዲቴክተሩን ግድግዳ ላይ ይስቀለው። ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ወደ ሜዳው አትመለሱ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የቀሩትን 10 ሳንቲሞች በሎሚም፣ በኮካም፣ በአሲድም አትጠባቸው። ለዘጠኙ ንጹሕ ውሃና ትዕግሥት ይበቃቸዋል። ቢጫ ነጥብ ያላትን ውሃም አታስነካት። በሎሚ የታሹትን ሁለቱን ደግሞ ወደ ድሮ መልካቸው መመለስ አይቻልም፤ ዱቄቱን ግን ማስቆም ይቻላል። እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ያ አረንጓዴ ነገር ምን እንደሆነ እንግባባ።

አክስትህን አዲስ ምጣድ እንዴት እንደምታሟሽ ጠይቃት። አዲስ የሸክላ ምጣድ ዝም ብሎ ተጥዶ እንጀራ አይጋገርበትም። በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ያ ጥቁር ገጽ ነው እንጀራውን የሚያስለቅቀው። አንድ የማያውቅ ሰው መጥቶ «ይህ ምጣድ ጠቁሯል» ብሎ በአሸዋ ቢፈገፍገው አክስትህ ምን ትለዋለች? የሳንቲሙም አረንጓዴ እንደዚያ ያለ ገጽ ነው። አፈር ውስጥ የቆየ መዳብ መጀመሪያ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀላ ያለ ስስ ሽፋን ያበጃል። ከዚያ በላይ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመርበት አረንጓዴው ይመጣል። የሙያው ሰዎች ፓቲና ይሉታል። ጠጣርና ለስላሳ ከሆነ ከሥሩ ያለውን መዳብ ይጠብቃል።

አሁን የምነግርህን ልብ በል። ያ አረንጓዴ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ አይደለም። የሳንቲሙ የላይኛው መዳብ ራሱ ነው የተለወጠው። ስለዚህ ፊደሉ፣ የንጉሡ አፍንጫ፣ የአንበሳው ጎፈር ብዙ ጊዜ ያሉት እዚያው አረንጓዴው ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ «አረንጓዴውን ባነሳው ከሥሩ ደህናው ሳንቲም ይወጣል» ብሎ ያስባል። አንተም እንደዚያ ነው ያሰብከው። ከሥሩ የሚወጣው ግን ፊደል አልባ መዳብ ነው። ሳንቲሙ በጣም የተጎዳ ከሆነ ጽሑፉ አረንጓዴው ላይ ብቻ ይቀራል። እሱን ገፈፍከው ማለት ጽሑፉን ገፈፍከው ማለት ነው።

ሎሚ አሲድ ነው። አረንጓዴውንም ቀዩንም ሽፋን ያሟሟና እርቃኑን መዳብ ያስቀራል። «እንደ አዲስ ቀሉ» ያልከው እሱን ነው። አዲስ የታተመ ሳንቲም ያብለጨልጫል። በአሲድ የተገፈፈው ግን ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ስታየው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። የደሴው ሰውዬም ገና ሲያየው የለየው በዚህ ይመስለኛል። የድሮ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን መልክ አይወዱትም። በታጠበ ሳንቲም ላይ የሚሰጡት ዋጋ ካልታጠበው በብዙ ያንሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይገዙትም። ኮካ ኮላ ውስጥ ያለው ፎስፎሪክ አሲድም ያንኑ ነው የሚያደርገው። የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሳንቲሙን ተወው፣ ለዓይንህና ለእጅህ እሰጋለሁ። ጓደኛህ ይህን ምክር ለሌላ ሰው እንዳይደግመው ንገረው። አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የድስት ሽቦ የሚሠሩት በመፋቅ ነው። ፊደሉን እየፋቁ ነው የሚያጸዱት።

ከሁሉም የከፋው ግን ጨው ነው። አክስትህ ክፉ አልመከረችህም። የመዳብ ዕቃ በሎሚና በጨው አጽድታ ታውቃለች፣ ያምርላታልም። ዕቃው ግን ወፍራም ነው፣ ወዲያው በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፣ የሚነበብም ነገር የለበትም። ሳንቲም ሌላ ነው። ጨው ውስጥ ክሎራይድ አለ። በአሲድ ገጹ ወደተከፈተ መዳብ ሲገባ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይደበቃል። በኋላ እርጥበትና አየር ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ መዳቡን ይበላል። የተበላው መዳብ ክሎራይዱን መልሶ ይይዘዋል፤ እርጥበት ሲመጣ እንደገና ይጀምራል። ያየኸው ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ይኸው ነው። ስሙም የነሐስ በሽታ ይባላል፤ መዳብንም ነሐስንም ይይዛል። ጠጣሩ ጥቁር አረንጓዴ ጤነኛ ነው። በጥፍር ሲነኩት የሚረግፈው፣ ነጣ ያለው፣ ዱቄቱ ነው በሽታው። ሁለቱን መለየት ከቻልክ የዚህን ጉዳይ ግማሽ አውቀሃል።

እኔም ይህን የተማርኩት ንብረት አጥፍቼ ነው። የአባቴ ሣጥን ውስጥ አንድ የምኒልክ የመዳብ ሳንቲም ነበረች። ቡና ቀለም ነበረች፣ ለስላሳ። አባቴ አንዳንዴ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ይዳስሳትና ይመልሳታል። ዓመቷን በግዕዝ ቁጥር ማንበብ ያስተማረኝ በእሷ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ለእንቁጣጣሽ ላስደስተው ብዬ በሎሚና በአመድ አሸኋት። ግማሽ ቀን ሙሉ አሸኋት። ስሰጠው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ገለበጣት፣ መልሶ ገለበጣት። «ጎበዝ» አለኝና ኪሱ ከተታት። ምንም አልተቆጣኝም። ከዚያ በኋላ ግን ከሣጥኑ ሲያወጣት አይቼው አላውቅም። ዛሬ እኔ ጋ ናት። የአንበሳው እግርና የዓመቱ ሁለት ቁጥሮች ጠፍተዋል። ስለዚህ «በምን ልጠባቸው?» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቶሎ የምመልሰው ወድጄ አይደለም።

ሁለቱን የታመሙትን ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጥ። ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ ደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዘህ ዱቄቱን አራግፍ። የመዳብ ዱቄት ለሳንባም ለሆድም ጥሩ አይደለም። የምትበሉበትን ሳህን፣ የቡና ስኒ አትጠቀም። ከዚያ ዲስትልድ ውሃ፣ ማለትም በእንፋሎት የተጣራ ውሃ፣ ያስፈልግሃል። የነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ መሸጫ ጋ «የባትሪ ውሃ» ብለህ ጠይቅ። ልብ አድርግ፤ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፣ ጠርሙሳቸውም ይመሳሰላል። ጽሑፉን ሳታነብ አትክፈል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። የምንጭ ውሃ ለመጠጥ ሸጋ ነው፤ ከድንጋዩ ያመጣው ጨውና ማዕድን ስላለው ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

እያንዳንዱን ሳንቲም ለየብቻው በብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፍ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ውሃውን ለውጥ፣ ከዚያ በየሦስት አራት ቀኑ። ክሎራይዱ ከቀዳዳው ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። አንድ ወር ትንሹ ነው፤ ሁለት ወርም ሊወስድ ይችላል። ስታወጣው በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርቀው፣ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል ውስጥ አንድ ጊዜ ንከረው፣ ሙቀት ባለበት ደረቅ ቦታ ይዋል። ምድጃ ላይ አታስቀምጠው። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ አንድ ሁለት ሳምንት ተከታተለው። ዱቄቱ ካልተመለሰ እሰየው። ከተመለሰ እንደገና ወደ ውሃው። ደጋግሞ እምቢ ካለ የሙዚየም ባለሙያ የሚጠቀምበት ቤንዞትሪያዞል የሚባል ኬሚካል አለ። መርዛማ ነውና ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አይደለም።

የሐይቅን ክረምት አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከሐምሌ ጀምሮ ግድግዳው ሁሉ ይረጥባል። የነሐስ በሽታ ደግሞ እርጥበት ነው የሚቀሰቅሰው። የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ይተኛል። ለዚህ ትልቅ ዕቃ መግዛት አያስፈልግህም። ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ ፈልግ። አዲስ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን «አትብሉት» የተባሉ ትናንሽ ከረጢቶች ከጎረቤት ሰብስብ። ሲሊካ ጄል ናቸው፤ እርጥበት ይመጥጣሉ። አምስት ስድስቱን ከሳንቲሞቹ ጋር ክተት። ሳንቲሞቹን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልል። በለስላሳ ፕላስቲክ አትጠቅልላቸው፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ሲቆይ ራሱ አሲድ ያወጣና አረንጓዴ ልጋግ ይተውባቸዋል።

ቀይ ቀለማቸውን ለመደበቅ ብለህ የጫማ ቀለም ወይም ዘይት አትቀባቸው። በዓመታት ውስጥ ራሳቸው ይጠቁራሉ። ተዋቸው።

አሁን ወደ ዘጠኙ። መጀመሪያ አንብባቸው። ጠዋት ፀሐይ በበሩ በኩል በአግድም ስትገባ ሳንቲሙን ወረቀት ላይ አስቀምጥና ቀስ እያልክ አዙረው። በአግድም የመጣ ብርሃን ፊደሉ ላይ ጥላ ይጥላል። ምንም ሳትነካው፣ ቀን ያልታየህ ጽሑፍ ይታይሃል። በስልክህ ከሁለቱም ወገን ፎቶ አንሳው፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርግ። ብዙ ሳንቲም ከዚህ በላይ ማጽዳት አያስፈልገውም።

የምትፈልገው ዓመቱን ነው። በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። ፲፰፻፹፱ ካየህ 1889 ዓ.ም. ነው፣ የምኒልክ ነው። ፲፱፻፳፫ ካየህ 1923 ዓ.ም. ነው፤ የዘውድ በዓላቸው ጊዜ የታተመ፣ ማቶና የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲም ነው። አንድና አምስት ማቶናው ከመዳብ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከኒኬል ነው። ኒኬሉን ማግኔት ይይዘዋል፤ መዳብን አይዘውም። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥተህ ሞክር፣ ሳንቲሙን አይጎዳውም። ፲፱፻፴፮ ካየህ ደግሞ 1936 ዓ.ም. ነው። በማቶናው ላይ ንጉሡ ዘውድ ደፍተዋል፣ በ1936ቱ ላይ ግን ራሳቸው ባዶ ነው። ዘውድ ያለበት አለኝ ስላልክ ከሳንቲሞችህ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ከቆዩት ነው ማለት ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ ከተገኘ የጣሊያን ሊሆን ይችላል፤ በወረራው ዘመን ወሎን ሞልተውት ነበር።

ስለ 1936ቱ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ይታለልበታል። ያ ዓመት ሳንቲሞቹ የታተሙበት የመጀመሪያው ዓመት እንጂ የእያንዳንዱ ሳንቲም ዕድሜ አይደለም። ጃንሆይ ከዙፋን እስኪወርዱ ድረስ ሲታተሙ ያንኑ ዓመት እንደያዙ ነው። አንድ፣ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲሙ መዳብ ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲሙ ግን ከብር የተሠራ። ሃያ አምስቱ መጀመሪያ ጠርዙ ድፍን ክብ ነበር። ሰዎች በብር እየለበጡ ሃምሳ ሳንቲም ነው እያሉ ያሳልፉት ጀመር። ለዚህ ነው በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የሞገደው። ሃያ አምስት ሳንቲም ካገኘህ ጠርዙን እይ። ድፍን ክብ ከሆነ ከቀደሙት ነው። አንተ ገፍፈህ ብታጸዳው የብር ልባጭ ቅሪት እንኳ ቢኖረው አብሮ ይሄድ ነበር። በጠቅላላው ግን የ1936 ሳንቲም በብዛት የታተመ ነው፣ ዛሬም በየቤቱ አለ። በዋጋ ብዙ አትጠብቅ። እጅህን መለማመድ ከፈለግህ በእነዚህ ተለማመድ።

ሰፈራችሁ ውስጥ «ይህ የአድዋ ዘማች የጣለው ነው» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ወሎ ነንና ይህ ወሬ ሲወራ ደስ ይለኛል። ምኒልክ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ብለው ሲያውጁ የክተቱ ቦታ በእኛው አገር ነበር፣ ጦሩም በእኛው ምድር አልፏል። ሳንቲሙ ራሱ ግን ይመልስልሃል። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። መዳቧ ላይ ፲፰፻፹፱ ከተጻፈ ከዘመቻው በኋላ የታተመች ናት። ዘማቹ ሲሄድ ቦርሳው ውስጥ ልትኖር አትችልም። በዚያ ዘመን ገበያው የሚያምነው ማርትሬዛን፣ ያንን ጠገራ ብር፣ እና አሞሌ ጨውን ነበር። የመዳብ ሳንቲም ለሕዝቡ አዲስ ነገር ነው። እና አንዲት የምኒልክ መዳብ ድሮ ገበያ በነበረ ሜዳ ላይ መገኘቷ ራሱ ነገር ይናገራል፤ እዚያ ሜዳ ላይ በአዲሱ ገንዘብ የገዛ ወይም የሸጠ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያወቅነው ከአንዲት ቁጥር ነው። የመጨረሻዋን «፱» በአመድ ብትፍቃት ኖሮ ወሬው ብቻ ይቀር ነበር።

አፈር ሸፍኖት ቁጥሩ አልነበብ ያለህን ብቻ ዲስትልድ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፈው። አፈሩ ይለሰልሳል። ከዚያ የግራር እሾህ አምጣ። የጃርት እሾህ ካገኘህ እሱ ይበልጣል፤ ጫፉ ጠንካራ ነው፣ ግን ከመዳብ ይለሰልሳል። የሙያው ሰዎችም እሾህ ይጠቀማሉ። መርፌና ምላጭ ግን አይሆንም፣ ይቧጭራል። ሳንቲሙን ርጥብ እንዳለ በጠርዙ ያዘው፣ በአጉሊ መነጽር እያየህ ቡናማውን አፈር ብቻ አንሳ። አረንጓዴው ላይ ስትደርስ እጅህን መልስ። ቀይ ካየህ አልፈሃል። ዓመቱና ስሙ ከተነበበልህ በቃ፣ ጨርሰሃል። «ትንሽ ላሳምረው» የምትለው ደቂቃ ናት የምታበላሸው። አድርቀውና ወረቀቱ ውስጥ ክተተው።

የወይራ ዘይት ውስጥ ወራት ዘፍዝፉ የሚል ምክርም ትሰማለህ። ከሎሚ ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን የምግብ ዘይት ራሱ ቀስ ብሎ አሲድ ያወጣል፣ ቀለሙን ያጠቁራል፣ በሽታው ካለም ይሸፍንብሃል። ኑግም ቅቤም ያው ነው። እኔ አልመክርህም።

አሁን ወደ ትንሿ። ትንሽ፣ ስስ፣ መሐሏ ላይ ቢጫ ነጥብ። ያንን ሳነብ ከወንበሬ ነው የተነሣሁት። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ያትሙ ነበር። ከመዳቦቹ መካከል በአንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሐል ስስ ወርቅ ይለበጥ ነበር። ከሺህ ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ቆይቶ ያ ወርቅ እንደ ቢጫ ነጥብ ይታያል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የመዳብ ገንዘብ ያተመ አገር ብዙ አይደለም። የዒዛና ሳንቲሞች ላይ በፊት ጨረቃ ነበር፤ ክርስትናን ሲቀበል በመስቀል ተለወጠ። አንዳንዱ የመዳብ ገንዘብ ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለ። የአንተዋ ከእነዚያ ናት ብዬ በደብዳቤ አልፈርድም። ለመፍረድ ማየት ያስፈልጋል። ልትሆን እንደምትችል አስበህ ግን ያዛት። ወርቁ ከወረቀት ይስሳል። በጣት ቢታሽ ይሄዳል። ውሃ ቢነካው ከሥሩ የተቀመጠው አረንጓዴ ሲለቅ አብሮ ሊነሳ ይችላል። አፈሯን እንደያዘች፣ በጥጥ በተነጠፈ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ትቀመጥ። ከሌሎቹ ጋር አትደባልቃት። ለደሴው ሰውዬም አታሳያት።

ሕጉንም እወቀው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሁለት ነገር ይላል፣ ሁለቱም አንተን ይመለከታሉ። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርና መፈለግ ክልክል ነው። በእርሻ፣ በመሠረት ቁፋሮ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። «እንዳለ» የሚለው ቃል ማጠብን አይጨምርም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ወንጀል ነው። ወንድምህ ሳዑዲ ያሉ ጓደኞች አሉትና ይህን አስረዳው። አትደንግጥ፣ እስካሁን የሆነው ባለማወቅ ነው። ወደ ተሁለደሬ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂድ። ትንሿን ሳንቲምና የሁሉንም ፎቶ ይዘህ ሂድ። ስታስረክብ በማኅተም የተፈረመ የርክክብ ወረቀት ተቀበል። የት እንደተገኘች፣ ማን እንዳገኛት፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። እዚያ መልስ ካጣህ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አለ።

አሁን ወደ ቀለሁ ልመለስ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በእናንተ በኩል ሲያልፍ የቀረውን አንተ በዓይንህ አይተሃል። ከቆቦ እስከ ኮምቦልቻ ሜዳውና ጉብታው ላይ ያልፈነዳ ነገር ቀርቷል። ዲቴክተር ደግሞ ሳንቲምን ከቦምብ አይለይም። ለሁለቱም ያው «ጢጥ» ነው የሚለው። ከዚያ ሰው ተንበርክኮ በዶማ ይቆፍራል። ቀለህ የወጣበት ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ በዶማ ቆፍራችኋል። እግዚአብሔርም አላህም ጠብቋችኋል። አራተኛ ቀን አትጨምሩ። ልጆች ተከትለዋችሁ እንደሆነ፣ ወንድምህ ሲቆፍር አይተው እንደሆነ፣ ዛሬውኑ ጠርታችሁ ንገሯቸው። ብረት ነገር ቢያገኙ አይንኩ፣ አይወርውሩ፣ ቦታውን ለይተው ለትልቅ ሰው ይናገሩ። እናንተም ለፖሊስ ንገሩ። ዲቴክተሩን ፈቃድ ላለው ገዢ መሸጥ ይሻላል። ገንዘቡ እንደወጣበት አውቃለሁ፣ ስደት ላይ በላብ የተገኘ ገንዘብ ነው። ቢሆንም።

አንድ ሥራ ቀርቷችኋል፣ እሱ ሜዳው ላይ መሄድ አይፈልግም። ሳንቲም የትም ቢገኝ ሳንቲም ነው። የት እንደተገኘ ከታወቀ ግን የዚያ ገበያ ታሪክ ይሆናል። ትንሿ ከሌሎቹ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበረች? ወይስ ራቅ ብላ፣ ጠለቅ ብላ? ከዋርካው ወይም ከመንገዱ ስንት እርምጃ ይሆናል? ቁፋሮውን የያዘው ወንድምህ ስለሆነ እሱ ነው የሚያስታውሰው። በሳምንት ውስጥ ደግሞ ይረሳዋል። ከቡናው በኋላ ደብተርና እርሳስ ስጠው። ሜዳውን ይሣል፣ 12ቱም ሳንቲሞች የወጡበትን ቦታ ምልክት ያድርግ፣ የትንሿን ይክበባት። ጽሕፈት ቤቱ ስትሄድ ያንን ወረቀት ከቆርቆሮዋ ጋር ይዘህ ሂድ።